ያለቀብኝ ሰማያዊ ክር

ኪሮሽ ከጀመርኩ አሥረኛ ወሬን ይዣለሁ። እስካሁን ሦስት ሻርፕ ጨርሻለሁ፣ አምስት አሻንጉሊት ሠርቻለሁ። በሁለት መርፌ የጀመርኩት የአንገት ሹራብ ደግሞ ገና ግማሽ ላይ ነው። ሰማያዊውን ሻርፕ ያያችሁ ልጆች "ቀለሙን እንዴት መረጥሽው?" ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር መርጬው ሳይሆን ክር አልቆብኝ ነው። ዛሬ እሱን በሰፊው ልንገራችሁ።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ክረምት ከመገናኛ ታክሲ ተሰልፌ ቤት ስደርስ ይመሻል። መብራት የሚጠፋበትም ቀን አለ። ስልክ ስነካካ ከማመሽ ብዬ የእናቴን የድሮ ኪሮሽ አወጣሁ። እናቴ የዳንቴል ሰው ናት። በልጅነቴ ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የውሃ ጆጉ ሳይቀር ነጭ ዳንቴል ለብሶ ነበር። የእሷ ኪሮሽ ግን ለቀጭን ክር የተሠራ ነው። ወፍራም ክር ስይዝበት ጫፉ ክሩን እየሰነጠቀ አስቸገረኝ። ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌላ ገዝቼ ሐምሌ ላይ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ሻርፕ ሰባት ቀለም ነበረው። ዓይኔ የወደደውን ሁሉ ገዝቼ ለእያንዳንዱ እኩል ሁለት ሁለት መስመር ሰጠሁት። ሲያልቅ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ የለውም። በዚህ ላይ ጠርዙ ተጠቀለለብኝና ካውያ አሳረፍኩበት። እባካችሁ ይህን አታድርጉት። ገበያ ላይ በብዛት የምናገኘው ክር አክሪሊክ ነው፤ አክሪሊክ ደግሞ የፕላስቲክ ዘመድ ነው። ካውያው የነካው ቦታ ለጥ ብሎ፣ እያብረቀረቀ ቀረ። ተመልሶም አይነሳም። አሁን በቀዝቃዛ ውሃ አርሰዋለሁ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ውሃውን አስመጥጣለሁ፣ ከዚያ ፍራሽ ላይ በስፒል ወጥሬ ቅርጹን አስይዤ አደርቀዋለሁ። ጠርዙ ቀጥ ይላል።

ለሁለተኛው አንድ ቀለም ብቻ ይሁን ብዬ ወሰንኩ። ሰማያዊ፣ ሦስት ልቃቂት፣ ሦስት ማዕዘን ሻርፕ። ይህ ዓይነቱ ከአንገት መሃል ይጀመርና በየመስመሩ በሁለቱም ዳርና በመሃሉ እየተጨመረ ይሄዳል። ቁመቱ ግማሽ ሲደርስ ያለቀብኝ አንድ ልቃቂት ነው። ሁለት ይቀረኛል፤ እንዲያውም ይተርፈኛል ብዬ ኮፍያ ሁሉ አሰብኩ።

አልተረፈኝም። ግማሽ ስንዝር ያህል ሲቀረው ክሩ አለቀ። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነገሩ ግልጽ ነው። እንዲህ ያለ ሦስት ማዕዘን ቁመቱ እጥፍ ሲሆን የሚሸፍነው ቦታ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ግማሽ ቁመት ላይ ስንደርስ የሄደው ክር ሩብ ብቻ ነው፤ ሦስት ሩብ ገና ከፊታችን ነው። አንድ ልቃቂት ከጨረስኩ በጠቅላላው አራት ያስፈልገኝ ነበር ማለት ነው። ይህቺን ስሌት አሁን ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌያታለሁ።

ቅዳሜ መርካቶ ሄድኩ። ያው ዓይነት ክር፣ ያው የቀለም ቁጥር። ሱቅ ውስጥ በአምፖል ሳየው ልዩነት የለውም። ቤት ገብቼ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን አዲሱ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ያኔ ነው ልቃቂቱ ላይ የተጠቀለለውን ወረቀት በደንብ ያነበብኩት። ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የሎት ቁጥር የሚባል አለ። አንድ ላይ የተነከረ ክር አንድ የሎት ቁጥር ይይዛል። በሌላ ጊዜ የተነከረው፣ የቀለም ስሙ አንድ ቢሆንም፣ ትንሽ ሊለይ ይችላል። አሮጌው ወረቀት ከቆሻሻ ጋር ሄዷል። ቢኖርም ያን ሎት ማግኘቴን እንጃ።

ምድር ቤት ሹራብ የሚሠሩ እናት አሉ። ሻርፑን ይዤ ወረድኩ።

"እትዬ፣ ልተረትረው ነው" አልኳቸው።

"ቆይ እስቲ ልጄ፣ ምን አጣደፈሽ?"

ከቁም ሳጥን የዓመት በዓል ነጠላቸውን አወጡ። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጥለቱን በሁለት ጣት ያዙልኝ። "ስንት ቀለም ይታይሻል?" አሉ። ቀይና ወርቃማ አልኳቸው። "ቅረቢ" አሉኝ። ቀረብኩ። በቀዩና በወርቃማው መሃል ጥቁር መስመር አለ፤ ውፍረቱ ከሁለት ክር አይበልጥም። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ቀጭን አረንጓዴ አለ። እነዚህን ሁለቱን ከሩቅ አላየኋቸውም፤ ቀዩን ከወርቃማው ለይተው እንዲያምር ያደረጉት ግን እነሱ ናቸው። ቀጥለው ነጩን ጨርቅ በመዳፋቸው ሸፈኑት። ጥለቱ ደብዘዝ አለ። እጃቸውን ሲያነሱት ደመቀ። ሦስቴ ደጋገሙልኝ። ስንት ዓመት ነጠላ ስለብስ ጥለቱን እንዲህ አይቼው አላውቅም።

የመጀመሪያው ሻርፔ ምን እንደጎደለው እዚያው ገባኝ። ሰባቱም ቀለም እኩል ይጮኻል፤ ሜዳ የሚሆነው አንድም የለም።

ማታውኑ ሥራ ጀመርኩ። አሮጌው ሰማያዊ ባለቀበት ላይ ጥለት አስገባሁ፦ አንድ መስመር ጥቁር፣ ሁለት ቢጫ፣ አንድ ቀይ፣ ሁለት ቢጫ፣ አንድ ጥቁር። ከዚያ በኋላ አዲሱን ሰማያዊ ቀጠልኩ። ሁለቱ ሰማያዊ ስለማይነካኩ ልዩነታቸው አይታይም፤ እኔ ራሴ እያወቅኩት ካልፈለግኩት አላየውም። ዘርፉንም እንደ ነጠላ ቋጨሁት። እትዬ ያሳዩኝ እንዲህ ነው፦ ሁለት ዘለላ ክር ለየብቻ ወደ አንድ አቅጣጫ ታከሪያለሽ፤ ከዚያ አንድ ላይ አድርገሽ ወደ ተቃራኒው ስትለቂው ራሱ ይጠማዘዛል፤ ጫፉን ትቋጥሪያለሽ። የጥቅምትን ብርድ ያሳለፍኩት ያን ሻርፕ ለብሼ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ሴቶች ከየት ገዛሽው ብለውኛል። ከሱ ወዲህ ክር ስገዛ መጀመሪያ የሎት ቁጥሩን አያለሁ፣ ባለሱቁን አስፈቅጄ ደጅ አውጥቼ በፀሐይ አየዋለሁ፣ የሚበቃኝንም በአንዴ እገዛለሁ።

ወደ አሻንጉሊቱ የገባሁት ለትርፍራፊ ክር ብዬ ነው። ጃፓኖች አሚጉሩሚ ይሉታል። አንዷን ቋጠሮ እናቴ "ዓይን" ነው የምትላት፣ እኔም እንደዚያው ልበል። በ6 ዓይን ይጀመራል፣ ቀጥሎ 12፣ 18፣ 24 እያለ በየዙሩ 6 ይጨምራል። እንዲህ ሲሆን እንደ ሳንቲም ለጥ ያለ ክብ ይወጣል። ጭማሪው ካነሰ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይጠልቃል፤ ከበዛ ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ይኮማተራል። ሥራው ጠመዝማዛ ስለሆነ ዙሩ የት እንደጀመረ አይታወቅም። የዙሩን የመጀመሪያ ዓይን በቀይ ክር ምልክት ካላደረግኩበት ቁጥሩ ይጠፋብኛል።

የመጀመሪያዋን ዶሮ በ4 ሚሊ ሜትሩ ኪሮሽ ስለሠራኋት በየቀዳዳው ውስጧ ይታያል። በ2.5 አጥብቄ ስሠራ ተስተካከለ። ለእህቴ ልጅ የሠራሁት በግ አሁን ያለ ድጋፍ ይቆማል። ለዚያ ግን እግሮቹን ሦስቴ ፈትቼ ሰፍቻለሁ። ሆዱ የአሮጌ ትራስ ፋይበር ነው። ዓይኑን የፕላስቲክ አላደረግኩም፤ ልጅቷ ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም፣ ነቅላ ብትውጠውስ? በጥቁር ክር ጠለፍኩት።

ሁለት መርፌው አሁንም ይከብደኛል። ኪሮሽ ላይ ክፍት ሆኖ የሚቆየው አንድ ዓይን ነው፤ ቢያመልጠኝ መልሼ እይዘዋለሁ። ሹራብ ላይ ግን ሁሉም ዓይን መርፌው ላይ ነው ያለው። አንዷ ስታመልጥ እስከ ታች እንደ መሰላል ትተረተራለች። ታክሲ ውስጥ መያዙን ለጊዜው ትቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ በእንዝርት የፈተሉትን አንድ ልቃቂት ጥጥ ሰጡኝ። በኪሮሽ ስሞክረው አንዱ ክር ብቻውን ሳሳና ተበጠሰ። ሁለት ክር አንድ ላይ ገምጄ በ2.5 ስሞክረው ያዘ። መዳፍ የምታህል ናሙና ሠርቼ፣ አጥቤ፣ አስጥቻታለሁ። ነገ ደርቃ ስንት እንደተሰበሰበች ለክቼ የአዲሱን ሻርፕ ዓይን ቁጥር አወጣለሁ። ሜዳው ነጭ ነው። ጥለቱ ከታች ብቻ ይሆናል፤ ቀይና አረንጓዴ፣ በመሃላቸው አንድ መስመር ጥቁር። በእጅ ፈትል ኪሮሽ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ክሩን ሁለት ነው ወይስ ሦስት አድርጋችሁ የገመዳችሁት?