አዲስ የቬፕ ፍሌቨር ስሞክር

ሲጋራ ትቶ ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) የያዘ ሰው ፍሌቨሩ፣ ማለት የፈሳሹ ጣዕም፣ ካልጣመው ውሎ አድሮ ወደ ሲጋራው ሊመለስ ይችላል። እዚህ ለንደን ከማውቃቸው ልጆች መሃል እንዲህ የሆኑ አሉ። ለዚህ ነው ስለ ፍሌቨር አመራረጥ አጥብቄ የምናገረው። ሲጋራ አጭሶ የማያውቅ ሰው ግን ቬፕም አይጀምር፤ ኒኮቲን ያው ሱስ ነው።

ድሮ ብዙ ሰው አዲስ ጣዕም የሚሞክረው አንዴ ተጠቅሞ በሚጣለው ቬፕ ነበር። እሱ ከጁን 1 ቀን 2025 ጀምሮ እዚህ እንግሊዝ አገር መሸጡ ተከልክሏል። አሁን የምንሞክረው በሚሞላ ቬፕ ውስጥ በምንጨምረው ፈሳሽ ነው። በሕጉ ኒኮቲን ያለው ፈሳሽ የሚሸጠው ቢበዛ በ10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ነው። ለሞካሪ ይሄ ጥሩ ነው፤ ባይጥምህ የምትከስረው ትንሽ ነው። ያለ ኒኮቲን የሚሸጠውን ትልቁን ጠርሙስ፣ ትንሹን ሳትጨርስ አትግዛ። ሱቅ ውስጥም ጠይቅ፤ አንዳንዶቹ የአፍ መያዣውን ቀይረው ያስቀምሱሃል።

ዋናው ነገር ግን ፖዱ፣ ፈሳሹ የሚሞላበት የቬፑ ክፍል፣ ነው። ፈሳሹን በሚያሞቀው ሽቦ፣ በኮይሉ፣ ውስጥ ያለው ጥጥ የቀድሞውን ጣዕም ይዞ ይቆያል። በተለይ ሜንቶልና ቀረፋ ቶሎ አይለቁም። በእሱ ላይ ማንጎ ሞልተህ «ማንጎው አይረባም» ብትል፣ በርበሬ በተወቀጠበት ሙቀጫ ኮረሪማ ወቅጠህ ኮረሪማውን እንደመውቀስ ነው። ስለዚህ ለመሞከሪያ ብቻ የምይዘው ፖድ አለኝ። ሜንቶልን ለብቻው በሌላ ፖድ እሞክራለሁ። አዲስ ኮይል ሲሆን ፈሳሹን ሞልቼ አሥር ደቂቃ ያህል እተወዋለሁ። ጥጡ በደንብ ሳይርስ ከተሳበ ያርራል፤ ያንን የማረር ጣዕም ይዘህ ፍሌቨሩን መዳኘት አይቻልም።

ጠርሙሱን ማሽተት ብዙም አይጠቅምም። ሲሞቅ ሌላ ነው። የመጀመሪያዋን ስበትም አትመናት። ፍራፍሬው ወዲያው ይታወቃል፣ የትምባሆና የኩስታርድ ዓይነቱ ግን ቀን ይፈልጋል። እኔ ቀኑን ሙሉ ይዤው እውላለሁ፤ ከምሳ በኋላ፣ ሥራ ቦታ፣ ማታም። ጠዋት ደስ ብሎህ ማታ ላይ የሚያቅለሸልሽ ጣፋጭ ሞልቷል። ጣፋጭ የበዛበት ደግሞ ኮይሉን ቶሎ ያጠቁረዋል። ጥርስ ተቦርሾ ወዲያው መቅመስ አይሆንም። ምላስህ የደነዘዘ ከመሰለህ ውኃ ጠጣና ጥቂት ሰዓት እረፍ።

አገር ቤት ለምትሄዱ አንድ ነገር ልበል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1112 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከልክሏል። ጠርሙስ ሙሉ ፍሌቨር ለጓደኛ ብላችሁ አትጫኑ።

አሁን የምፈልገው የቡና ፍሌቨር ነው። የሞከርኳቸው ሁሉ ካራሜል ካራሜል ይላሉ እንጂ የተቆላ ቡና አይሸቱም። ደህና ያገኘ ካለ ስሙን ይጻፍልኝ፤ በአዲስ ኮይል ነው የምሞክረው።