ከደጋው ሳንወርድ፦ በመኝታ መኪና ሰሜን ሸዋ

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ደግሞ የዚህን ግማሽ አይሞላም። ካርታ ላይ ሲያዩት የሚቀለው ሁለተኛው ነው። አልጋ፣ ማድቤትና ውሃ የተጫነበት መኪና ለሚነዳ ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል። እስከ ደብረ ብርሃን ያለው ሜዳ ለሜዳ ነው፤ ዳገቱም ለዘብ ያለ ነው። ከዚያ ወዲያ ጣርማ በር ላይ መሬቱ ያልቃል። ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስታችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ።

ሃይሩፋችንን፣ ጣሪያው ከፍ ያለውን ሚኒባሳችንን፣ ወደ መኝታ መኪና ያስቀየርነው በክረምቱ ነበር። የኋላ ወንበሮቹ ወጥተው የጣውላ አልጋ ገባ። ከአልጋው ሥር መሳቢያ ተሠራ። በሩ አጠገብ ባለ ሁለት ምድጃ ቡታጋዝ ተቀመጠ። ለጥቅምት የመጀመሪያውን ረጅም ጉዞ ስናስብ ባለቤቴ ወዲያው “ላሊበላ!” አለች። እኔም ላሊበላን እወዳለሁ። ግን እናቴና ትንሿ ልጃችን አብረውን ናቸው፤ መኪናውም በአዲሱ ክብደቱ እንዴት እንደሚሆን ገና አላወቅነውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ሁሉ ተራራ መውጣትና መውረድ አልፈለግሁም።

ሰፈራችን ውስጥ ለብዙ ዓመት በወሎ መስመር ተሳቢ የነዱ ጋሼ አሉ። ቡና ጠርተን አማከርናቸው። “ልጄ፣ ዳገቱን እርሳው” አሉኝ። “ዳገት ላይ ቢበዛ መኪናህ ትሞቃለች፤ ቆመህ ታበርዳታለህ። ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬኑ ከጋለ በምን ታቆማታለህ?” ቀጥለውም ሹፌር ሁሉ የሚያውቀውን ነገሩኝ፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። መኪናውን ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬን የሚረገጠው አልፎ አልፎ ነው። ማርሽ ዜሮ አድርጎ መንደርደር ጨርሶ አይታሰብም።

ዕቅዳችንን የሠራነው ከዚህ ተነስተን ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ በሁለት በኩል የተቆረጠ ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው ጠርዝ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ውሃውም ወደ አዋሽ ይሄዳል። በምዕራብ ጀማና ገባሮቹ ደጋውን ሰንጥቀው ወደ ዓባይ ይፈሳሉ። በደብረ ብርሃን የሚያልፈው በሬሳም ወደ ጀማ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅን፦ ይህ መንገድ ከጠርዙ ይወርዳል ወይስ አይወርድም? ዓለም ከተማ ጀማን ተሻግሮ ስለሆነ ቀረ። ሸዋ ሮቢትም ቀረ። በፍቼ በኩል እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ በደጋ መሄድ ይቻላል፤ ግን ገና ከአዲስ አበባ ሲወጡ የእንጦጦ ዳገት አለ። በለገጣፎ፣ በሰንዳፋና በሸኖ የሚወስደው መንገድ ግን ከፍታውን የሚጨምረው ቀስ እያለ ነው። እሱን መረጥን። የመንገዱን ሰላምም እዚያው ካሉ ዘመዶች ደውለን ጠየቅን። ይህን ሳታደርጉ እንዳትነሱ።

አሁን ስለ ጭነት ልናገር፤ እኔ ብዙ ያሰብኩበት ይሄ ነው። ሃይሩፍ ቁመቱ ረጅም ነው። ከባድ ነገር ፖርቶመጋላ (ጣሪያው ላይ ያለው ዕቃ መጫኛ) ላይ ከሰቀላችሁበት ኩርባ ላይ ይወዛወዛል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት አንድ ሰው እንደመጨመር ነው። ጀሪካኖቹን ወለሉ ላይ፣ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ አሰርናቸው። ፖርቶመጋላው ላይ ድንኳንና ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ብቻ ወጣ። ከመነሳታችን በፊት የፍሬን ሸራው፣ የፍሬን ዘይቱና የስኮርታ ጎማው ነፋስ ታየ። የደጋ መንገድ ነው ብሎ ይህን መተው አይገባም። ሜዳው ላይ የጎን ነፋስ አለ። ተሳቢ በአጠገባችሁ ሲያልፍም መኪናው ገፋ ይደረጋል፤ መሪውን በሁለት እጅ መያዝ ነው።

በሌሊት አልተነሳንም። በዚህ መንገድ ጨለማ ውስጥ ጋሪ፣ አህያና ከብት አለ። ገበያ ቀንም ከተሞቹ ይጨናነቃሉ። ሸኖ ላይ ቆመን ለጋ ቅቤ ገዛን። እናቴ ቅቤውን በጣቷ ነክታ፣ አሽትታ፣ ሌላኛዋ ሴትዮ ጋ ሄዳ፣ እንደገና ተመልሳ ነው የገዛችው። ከሸኖ ወዲያ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ነበር። ሞተሩ ጉልበቱ መቀነሱ ይታወቀኛል፤ አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር እንደ ቆላው አይጎትትም። ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ እየመለስኩ፣ ከኋላዬ የተሰለፈውን እያሳለፍኩ ሄድኩ። መቸኮል የለም።

ጫጫን አልፈን አንጎለላ አካባቢ ምሳ በላን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 የተወለዱት እዚህ ነው። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንድ መቀመጫቸው እዚህ ሜዳው ላይ፣ ሌላው አንኮበር ገደሉ ጫፍ ላይ ነበር። ምሽግ ሲፈልጉ ጠርዙ አላቸው፤ ሜዳ ሲፈልጉ ደጋው አላቸው። ይህን ለልጄ እየነገርኩ ለእኔ ራሴ አገሩ ይበልጥ ገባኝ።

ደብረ ብርሃን ላይ ያደርነው አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ነው። ለመኪና ማቆሚያና ለመታጠቢያ ከፈልን፤ ዘበኛም አለ። ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር ከማደር ይህ በብዙ ይሻላል። ከተማው 2800 ሜትር ላይ ነው፤ ብርዱ ቀልድ አይደለም። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የምስር ወጡ አልበስል ብሎ አመሸን። ፕሬሸር ድስት ያዙ። ማታ ሙቀት ፍለጋ ቡታጋዝ ለኩሶ ወይም ከሰል አስገብቶ መተኛት ግን ሕይወት ያሳጣል። በታሸገ መኪና ውስጥ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። እኛ ምድጃውን ዘግተን፣ መስኮቱን ጣት የሚያስገባ ያህል ከፍተን፣ በጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልለን ተኛን። ጠዋት መስታወቱ በእስትንፋሳችን ረጥቦ ውሃው በመስኮቱ ጎማ ጠርዝ ይንጠባጠብ ነበር። ለእሱ ደረቅ ፎጣ ያስፈልጋል።

እናቴ ጠዋት ሥላሴን ተሳለመች። አጼ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የተከሉት ደብር ነው። ከዚያ ወደ ጣርማ በር ነዳን። መንገዱ ተራራውን የሚያልፍበት ዋሻ ሳይደርስ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ መኪናችንን አቆምን። ባለቤቴና ልጃችን ቁርስ ሊሠሩ ቀሩ፤ እኔና እናቴ ደብረ ሲና በሚወርድ ሚኒባስ ገባን። ጠርዙን ላለመንዳት መረጥኩ እንጂ ላለማየት አልመረጥኩም። ቁልቁለቱን በየቀኑ የሚያውቅ ሹፌር እያለ ለምን እቀራለሁ?

ዋሻው ጣሊያን በወረራው ጊዜ የሠራው ነው፤ 587 ሜትር ይረዝማል። ስንገባ ጉም ነበር፤ ስንወጣ ፀሐይ። የሹፌሩን እጅ እያየሁ ነበር። ገና ኩርባው ሳይመጣ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ እስኪጨርስም ከሁለተኛና ከሦስተኛ አልወጣም። እግሩ ፍሬን ላይ የሚያርፈው ኩርባው አፍ ላይ ብቻ ነው፤ ነካ ያደርግና ይለቃል። አንድ አይሱዙ ዳር ይዞ ቆሟል። በመስኮት የገባው የተቃጠለ ሸራ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ረዳቱ ከጎማው ሥር ድንጋይ እያስደገፈ ነበር። ጆሯችን ተደፈነ፤ እናቴ ጋቢዋን አወለቀች። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ መስኮታችንን ከበቡት። ገብስና ሽምብራ የተቀላቀለ፣ ገና ሙቀቱ ያልወጣለት ቆሎ ገዝተን በሌላ ሚኒባስ ተመለስን። ፍርፍሩ ደርሶ ጠበቀን።

አንኮበርንም እንዲሁ ነው ያደረግነው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መጨረሻው ግን ከደጋው ይወርዳል። መኪናችንን ሆቴሉ ግቢ ትተን ከመናኸሪያ ተሳፈርን። ከድሮው ቤተ መንግሥት ጉብታ ላይ ቆማችሁ የአፋርን ቆላ ቁልቁል ስታዩ ደስታ ነው። ልጄ “እዚያ ታች ያሉት ሰዎች ይሞቃቸዋል?” አለች። “አዎ፣ እኛን ደግሞ ይበርዳቸዋል ይሉናል” አለቻት እናቴ።

የሚቀጥለው ለጥር ተይዟል። በፍቼ መስመር ደብረ ሊባኖስ፣ ከዚያ ጎሃ ጽዮን፣ የዓባይ በረሃ አፋፍ ድረስ። እንጦጦን የምንወጣው እሑድ ጠዋት፣ ጭነት መኪና ሳይበዛ ነው። ውሃውንም አዲስ አበባ ላይ አንሞላም፤ ጀሪካኖቹን ባዶ ይዘን ሱሉልታ ላይ እንቀዳለን። ዳገቱ ላይ 60 ኪሎ ይቀልልናል።