ከኦሮራ ሞአብ፦ ሁለት ፒክአፕ፣ ሁለት ዓይነት ጎማ

ጎማዬ አለቀ። ከመኪናዋ ጋር ከፋብሪካ የመጣው ማለቴ ነው። መኪናዬ ሪቪያን አር1ቲ ናት፤ ኤሌክትሪክ ፒክአፕ። ጭነት ሳይኖርባት 7,000 ፓውንድ ገደማ ትመዝናለች፤ ከሦስት ቶን በላይ። አራት ሞተር አላት፤ ለእያንዳንዱ ጎማ አንድ አንድ። ስትረግጧት ጉልበቱ እስኪመጣ መጠበቅ የለም፤ በአንዴ ጎማው ላይ ያርፋል። እግራችሁን ስታነሱ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ይይዝና ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። የፍሬን ሸራ ይተርፋል። ጎማ ግን ስትነሳም ትበላለች፣ ስትቆምም ትበላለች።

አዲስ ጎማ ልግዛ ስል ከጋሼ ጋር ክርክር ገጠምን። ጋሼ የሰፈሬ ሰው ናቸው፤ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ። በወጣትነታቸው የአሰብን መስመር በኤንትሬ የጭነት መኪና ነድተዋል። አሜሪካ ከመጡም በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ከትልቁ ትራክ አልወረዱም። አሁን እንደኔው ዓይነት መኪና አላቸው። ጎማ የቀየሩት ከኔ ቀደም ብለው ነው፤ የመረጡትም ወፍራሙን፣ የጭነት መኪናውን ዓይነት ነው። እኔ ቀለል ያለውን አሰርኩ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ እኮ የአስፋልት ጎማ ነው። ድንጋይ ሲያይ ይጮሃል» አሉኝ።

«እርስዎስ ባትሪዎን ለጎማ እየገበሩ አይደል?» አልኳቸው።

ክርክሩ ቡና ላይ አላለቀም። ሞአብ፣ ዩታ ድረስ ነድተን እንየው ተባባልን።

መንገድ ከመግባታችን በፊት ስለ ገበያው ትንሽ ላውራ። የኛ መኪና ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ሲሆን የጎማው ቁጥር 275/65አር20 ነው። በዚህ ልክ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆን ጎማ የሚያወጡ ብዙ ናቸው። ቢኤፍ ጉድሪች ኬኦ2 አለው፤ ተተኪው ኬኦ3 በ2024 ወጥቷል። ቶዮ ኦፕን ካንትሪ ኤ/ቲ 3 የሚባለውን ለኤሌክትሪክ መኪና ብሎ ለብቻው አሻሽሎ ሠርቷል። ፋልከን ዋይልድፒክ አለ፣ የፊንላንዱ ኖኪያን አውትፖስት አለ፣ ፒሬሊ ስኮርፒዮን ኦል ቴሬን ፕላስ አለ። ሰው ስም እየጠራ ይጣላል። ለኔ ግን ከስሙ በፊት ጎማው ጎን ላይ የተጻፈችው ቁጥር ትበልጣለች።

116 የሚል ካያችሁ አንዱ ጎማ 1,250 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 126 የሚል ካያችሁ 1,700 ኪሎ። የመጀመሪያው ኤክስኤል የሚባለው፣ የኔው ቀለል ያለው ነው፤ ሁለተኛው ኤልቲ፣ የጋሼ ዓይነት የጭነት መኪና ጎማ። እንግዲህ ሒሳቡ ቀላል ነው። አራት ጊዜ 1,250 አምስት ቶን ይሆናል። የኛ መኪና ከነጭነቷ፣ ከነሰዉ የተፈቀደላት 3,900 ኪሎ አካባቢ ነው። ስለዚህ «ይቺ ከባድ መኪና ናት፣ የግድ ኤልቲ ያስፈልጋታል» የሚላችሁ ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ መሸጥ ይፈልጋል። ኤልቲ የሚጠቅመው ለክብደት ሳይሆን ለድንጋይ ነው። ጎኑ ወፍራም ነው፤ ቶሎ አይቀደድም።

ጎሚስታ ቤት «ባለ 10 ፕላይ» ሲሉ የምትሰሙትም ይኼንኑ ኤልቲ ጎማ ነው። ውስጡን ብትቆርጡት አሥር ድርብ አታገኙም። ጎማ በጥጥ ክር ይሠራ ከነበረበት ዘመን የተረፈ የጥንካሬ መለኪያ ነው።

ጎማውን ያስገጠምኩበት ቤት ልጁ ክሪኩን ይዞ መሀል ሆዷ ስር ሊገባ ሲል ጮህኩበት። እዚያ ባትሪው ነው የተዘረጋው። ማንሻ ቦታዎቹ አራት ማዕዘን ላይ ናቸው። በዚያ ላይ በአየር የሚሠራው ሞላ መኪናዋ ስትነሳ ራሱን ላስተካክል እንዳይል መጀመሪያ በስክሪኑ ማጥፋት አለባችሁ። ኤሌክትሪክ መኪና የለመደ ቤት ፈልጉ። ከነሥራው ከ1,400 ዶላር በላይ ከፍዬ ወጣሁ፤ የጋሼም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

የተነሳነው በሜይ መጀመሪያ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ። አይ-70 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የጎማ ሕግ አለ። የጎማው ጥርስ ቢያንስ የኢንች ሦስት አሥራ ስድስተኛ መሆን አለበት። አሮጌው ጎማዬ ይህን ማሟላት ካቆመ ቆይቷል። ሜይ ላይ በረዶ ምን ያደርጋል የምትሉ ካላችሁ፣ የአይዘንሃወር ዋሻ ከፍታው 3,400 ሜትር ነው። ከእንጦጦ ጫፍም ይበልጣል። ዋሻውን አልፈን ቬይል ፓስ ስንደርስ ከውሃ ጋር የተቀላቀለ በረዶ መንገዱን ሞልቶት ነበር።

እዚህ ላይ የኔ ጎማ ጥሩ ሠራ። ጥርሱ ላይ በስስ የተቆራረጡ መስመሮች አሉት፤ በረዶውን እነሱ ይነክሱታል። የጋሼም አልተንሸራተተም። ሁለቱም ጎናቸው ላይ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት አላቸው። ይህን ምልክት ግን ከልክ በላይ አትመኑት። ፈተናው መኪና በረዶ ላይ ስትነሳ ጎማው እንዴት እንደሚይዝ ነው የሚያየው። ግግር በረዶ ላይ ፍሬን ስትይዙ የት እንደምትቆሙ አይናገርም። ኤም ፕላስ ኤስ (ጭቃና በረዶ) ብቻ የሚለው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፤ የጥርሱን ቅርጽ እንጂ በፈተና የታየ አቅምን አያሳይም።

ግሌንዉድ ስፕሪንግስ ቻርጅ ለማድረግ ቆምን። ከዚያ ቁልፍ ተለዋወጥን። እኔ የሳቸውን፣ እሳቸው የኔን።

መጀመሪያ የታወቀኝ ድምፁ ነው። ነዳጅ መኪና ውስጥ ሞተሩ ብዙ ነገር ይሸፍናል። እዚህ ሞተር የለም። የጋሼ ጎማ ኮንክሪት ላይ ሲደርስ ወፍራም ጉርምርምታ አለው፤ አስፋልት ላይ ይቀንሳል፣ ግን አይጠፋም። ሬዲዮ ከፈትኩ። መሪውም ዘገየብኝ፤ ጎኑ ጠንካራ ቢሆንም ጥርሱ ጥልቅና ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ መጀመሪያ ጥርሱ ይታጠፋል፣ ከዚያ ነው መኪናዋ የምትከተለው።

ሁለተኛው ባትሪው ነው። በ75 ማይል ፍጥነት እየተፈራረቅን ፊት እየመራን ግራንድ ጃንክሽን ድረስ ነዳን። የኔ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1.9 ማይል ሰጠ። የጋሼ 1.7። ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ባትሪው በሚይዘው 130 ኪሎዋት ሰዓት ብታባዟት 26 ማይል ናት። ምዕራብ ኮሎራዶና ዩታ ውስጥ ቻርጀር እንደ ቡና ቤት በየጥጉ የለም፤ 26 ማይል ብዙ ነው።

ጋሼ አልተዋጠላቸውም። «ቆይ፣ ማይሉን ማን ቆጠረው?» አሉ። ለካ የሚያወሩት ቁም ነገር ነው። ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ቢሆንም ጥርሱ ጥልቅ የሆነው ጎማ ዙሪያው ትንሽ ይሰፋል። ዙሪያው ሲሰፋ በአንድ ማይል ውስጥ የሚዞረው ያንሳል፤ መኪናዋም ያነሰ ማይል ትቆጥራለች። በስልክ ካርታ ስናመሳክረው የሳቸው መኪና በመቶ አንድ ያህል ታሳንሳለች። ስለዚህ ከልዩነቱ ትንሿ የቆጠራ ናት፤ የቀረው እውነት ነው። ከጋሼ ጋር መሄድ የምወደው ለዚህ ነው። አርባ ዓመት ኪሎሜትር የቆጠረ ሰው በስክሪን አይታለልም።

ዩታ ገብተን በሲስኮ በኩል ታጥፈን የኮሎራዶን ወንዝ ተከትለን ሞአብ ገባን። ያ መንገድ፣ 128 ቁጥር፣ ለራሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ሳንድ ፍላትስ የሚባለው ካምፕ ቦታ አደርን። ባለቤቴ ያሰናዳችልን ድርቆሽና ቋንታ ነበር፤ ውሃ አፍልተን ፍርፍር ሠራን። ማታ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደወለ። ነዳጅ መኪና ማስገባት በ2024 ከተከለከለ ወዲህ እሱም ኤሌክትሪክ ገዝቷል። የፊት ጎማው ከውስጥ በኩል ብቻ ተላጠ ብሎ ያማርራል። ስልኩን ለጋሼ ሰጠኋቸው።

«ልጄ፣ መዳፍህን ጎማው ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ አስኪደው። ከዚያ መልሰው። በአንዱ በኩል ለስላሳ፣ በሌላው እንደ ሞረድ ከሻከረህ አላይመንቱ ተበላሽቷል» አሉት። «ከባድ መኪና ትንሽ ስህተት አይምርም። የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ማዛወርም አትርሳ።» ብዙ አምራቾች በየ5,000 እስከ 7,500 ማይሉ ጎማ ቦታ ይለዋወጥ ይላሉ። አዲስ ጎማ ስትገዙ የሚሰጣችሁ የ50,000 ማይል ዋስትናም ይህን ያደረጋችሁበትን ደረሰኝ ካላሳያችሁ ዋጋ የለውም።

በነጋታው ፊንስ ኤንድ ቲንግስ በሚባለው የድንጋይ መንገድ ገባን። ራቁቱን የሆነ አሸዋማ ድንጋይ ነው፤ ተራራ ያህል ወጥቶ እንደገና ይወርዳል። መጀመሪያ ንፋስ ቀነስን። አስፋልት ላይ 48 ፒኤስአይ ነው የምንነዳው፤ እኔ 32 ላይ ስደርስ ጎማዬ ተለጥጦ ድንጋዩን አቀፈው። የጋሼ በዚያው 32 ላይ ምንም አልሆነም፤ ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ እንደ ቆመ ነው። 28 ላይ ነው የተለሳለሰው። በነገራችን ላይ ተቃራኒውም እውነት ነው። ኤልቲ ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከኤክስኤል የበለጠ ንፋስ ይፈልጋል። በር ላይ የተለጠፈው ቁጥር ከፋብሪካ ለመጣው ጎማ ነው፤ ዓይነቱን ስትቀይሩ የጎማውን የጭነት ሰንጠረዥ ማየት አለባችሁ።

ዳገቱ ላይ ልዩነት አላየሁም። ድንጋዩ ራሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይይዛል። ሁለታችንም ያለ ጭንቅ ወጣን።

ልዩነቱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ከካንየንላንድስ ፓርክ አናት በሻፈር ትሬይል ወረድን። 450 ሜትር ያህል በጠመዝማዛ የሚወርድ ኮረኮንች ነው፤ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላ በኩል አየር። ፍሬን አልነካሁም ማለት ይቻላል፤ ሞተሩ እየያዘ ባትሪዬም ከፍ እያለ ወረድን። ታች ፖታሽ ሮድ ላይ ስንደርስ ግን ድንጋዩ ተለወጠ። ስል ነው፣ ጠርዝ ያለው። አንዱን ስዞር የኋላ ቀኝ ጎማዬን ጎን ነካኝ። ወርጄ ሳየው ጣት የሚያህል ጎማ ተልጦ ተንጠልጥሏል። ንፋስ አልወጣም፤ ክሩም አልታየም። ቢቀደድ ኖሮ ግን የማስቲካ ነገር አይሠራም። ጥርሱ ላይ የገባን ምስማር መድፈን ይቻላል፤ ጎኑ አይደፈንም። ስኮርታ ደግሞ በዚህ መኪና ላይ ለብቻው የሚገዛ ዕቃ ነው። እኔ አለኝ፤ ብዙ ሰው የለውም።

ጋሼ የሳቸውን አራቱንም ዞረው አዩ። ጭረት ብቻ ነው። ምንም አላሉም፤ ፈገግታቸው ግን ከሩቅ ይታይ ነበር።

ሰማያዊዎቹ የፖታሽ ኩሬዎች አጠገብ ቆመን ንፋስ መለስን። መኪናዋ ኋላ ጭነቱ ቦታ ላይ የራሷ ኮምፕሬሰር አላት። ቀስ ይላል፣ ግን ይሞላል።

እኔ ፍርዴን የሰጠሁት እዚያው ነው። ዓመቱን ሙሉ የምነዳው አይ-70 ነው፣ ሥራ ነው፣ ክረምት ላይ ተራራ ነው። ስል ድንጋይ የማየው አልፎ አልፎ ነው፤ ያኔም ስኮርታ ይዤ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ። ስለዚህ ቀለል ያለው ይሻለኛል። በየሳምንቱ ዓሣ ለማጥመድ ጥርጊያ በሌለበት ለሚገቡት ለጋሼ ወፍራሙ ልክ ነው። አስፋልት ብቻ እየነዱ ለመልኩ ሲሉ ኤልቲ የሚያስሩት ግን አይገቡኝም። ጫጫታውንም፣ የሚቀረውንም ማይል በገንዘባቸው ነው የሚገዙት።

ኦሮራ ከተመለስን ሳምንት ሳይሞላ ጋሼ ደወሉ።

«ያንተ ጎማ ስንት ነበር ያልከኝ?»

«ጋሼ፣ ሊቀይሩ ነው እንዴ?»

«እኔ? እኔማ ምን ቆርጦኝ። ለባለቤቴ መኪና ነው» አሉ። የባለቤታቸውም መኪና ኤሌክትሪክ ነው። ዋጋውን ነገርኳቸው። «በል እንግዲህ፣ ቅዳሜ አብረን እንሂድ። ያ ልጅ ክሪኩን ሆዷ ስር እንዳያስገባው» አሉና ዘጉት።