ስህተት የምፈልገው ውጤቱ ሲከፋኝ ብቻ ነበር

በዶክትሬት ጥናቴ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ በደስታ ሰክሬ ከረምኩ። ምክንያቱ አንድ ቁጥር ነበር። ቁጥሩ ደግሞ ስህተት ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከብረት ነው። ብረት 26 ኤሌክትሮኖች አሉት። ሚሊዮን ዲግሪዎች ያህል በሚግል ጋዝ ውስጥ ሲገባ ኤሌክትሮኖቹ አንድ በአንድ ይገፈፋሉ፤ 16ቱ ሄደው 10 ሲቀሩ ግን ግፈፋው ይከብዳል። ዐሥሩ እንደ ኒዮን አቶም ቤታቸውን ሞልተው ዘግተው ተቀምጠዋል። 16ኛውን ኤሌክትሮን ለማውጣት 490 ኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ ጉልበት የሚለካበት አሃድ ነው) ገደማ በቅቶ ነበር፤ ቀጣዩ ከ1260 በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ ይህ አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹን ያጣ አቶም፣ በሰፊ የሙቀት ክልል ሳይፈርስ ይቆያል፤ ኮሮና ከሚባለው የከዋክብት የጋለ ውጫዊ ጋዝ እስከ ትልልቅ ጋላክሲዎች የጋለ ጋዝ ድረስ በብዛት የሚገኘውም ለዚህ ነው። ከሚያወጣቸው ኤክስሬዮች ውስጥ ሁለት ደማቅ መስመሮች፣ ማለትም በተወሰነ ጉልበት ላይ ብቻ የሚወጡ ጨረሮች፣ አሉ፤ በሙያው ቋንቋ 3ሲ እና 3ዲ እንላቸዋለን። የመጀመሪያው 826፣ ሁለተኛው 812 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው።

የ3ሲ ድምቀት ለ3ዲ ሲካፈል የሚገኘው ውድር ከ40 ዓመት በላይ ሰው ሲያከራክር ኖሯል። የኳንተም ስሌቱ አንድ ነገር ይላል፤ ከዋክብቱም ቤተ ሙከራውም ዝቅ ያለ ቁጥር ይመልሳሉ። እኔ ወደዚህ ክርክር የገባሁት በከዋክብት በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1999 የመጠቀችው ቻንድራ የተባለች የኤክስሬይ የጠፈር ቴሌስኮፕ ካፔላ የተባለውን ኮከብ ደጋግማ ተመልክታለች፤ መረጃው ለማንም ክፍት ነው። ኮምፒውተሬ ላይ አውርጄ ስፔክትረሙን፣ ማለትም በየጉልበቱ የተዘረዘረውን ብርሃን፣ በሞዴል መግጠም ጀመርኩ። (የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የጨረስኩት ጥቂት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ባለበት ቦታ ካይ ስኩዌር የሚባለውን ሞዴልን ከመረጃ ጋር ማነጻጸሪያ ዘዴ በመጠቀም ነው። ይህ ዘዴ ፎቶን ሲያንስ ድምቀቱን ወደ ታች ይጎትታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የካሽ ስታቲስቲክስ የሚባል መፍትሔ እንዳለ የነገረችኝ አጠገቤ የምትቀመጥ ተማሪ ናት። አፈርኩ፤ አስተካከልኩ፤ አለፍኩ።)

ከካፔላ ያገኘሁት ውድር እንደሌሎቹ ሁሉ ዝቅ ያለ ሆነ። ለምን እንደሆነ ሦስት ማብራሪያ ጽፌ ለአማካሪዬ ሰጠሁ። 3ሲ ጠንካራ መስመር ስለሆነ ፎቶኖቹ በመንገዳቸው ባለ ጋዝ ተውጠው ወደ ሌላ አቅጣጫ ተበትነው ይሆናል፤ ሌላ መስመር 3ዲ ላይ ተደርቦ ይሆናል፤ ስሌቱም ራሱ ሊሳሳት ይችላል። እሳቸው አነበቡና፣ «ሦስቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ኮከቡን መጨቅጨቅ ተይና ብረቱን ራሱን ጠይቂው» አሉኝ። በማግስቱ የቤተ ሙከራው ቁልፍ ተሰጠኝ።

መሣሪያው የኤሌክትሮን ጨረር አዮን ወጥመድ ይባላል። ከፀጉር የማይወፍር የኤሌክትሮን ጨረር በኃይለኛ ማግኔት ተጨምቆ አየር በሌለበት ቱቦ መሀል ያልፋል። የምናጠናው ንጥረ ነገር በጥቂቱ ወደ ጨረሩ ሲገባ ኤሌክትሮኖቹ እየመቱ ይገፉታል፤ አዮኖቹ ደግሞ ፖዘቲቭ ስለሆኑ የጨረሩ ኔጋቲቭ ቻርጅ ራሱ ይዞ ያስቀራቸዋል። ብረት በክፍል ሙቀት ስለማይተን የምናስገባው ፔንታካርቦኒል በሚባል ውህድ መልክ ነው። ይህ ውህድ ተናኝ ነው፤ መርዝም ነው። የጋዝ ማንቂያው በየሳምንቱ ይፈተሻል፤ ቴክኒሺያኑ ያለዚያ ቫልቩን እንድነካ አይፈቅዱልኝም ነበር።

መጀመሪያ ያደናገረኝ ቮልቴጁ ነው። 900 ቮልት ሰጠሁት ማለት ኤሌክትሮኖቹ 900 ኤሌክትሮን ቮልት አላቸው ማለት አይደለም። ኤሌክትሮኖቹ በአንድ ቦታ ሲጨናነቁ የራሳቸው ቻርጅ ጉልበታቸውን ይቀንሰዋል። የተጠመዱት አዮኖች ደግሞ ያን ቅናሽ በከፊል ያካክሱታል። ያካክሱታል ስል ግን በየቀኑ በአንድ መጠን አይደለም፤ ኩረንቱና የጋዙ መጠን ሲለዋወጥ እሱም ይለዋወጣል። ሰኞ አንድ ቦታ ያየሁት ሬዞናንስ፣ ማለትም በአንድ በተወሰነ ጉልበት ላይ ድምቀቱ በድንገት የሚጨምርበት ቦታ፣ ሐሙስ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አስፈታሁት። መፍትሔው በየለቱ ቦታቸው በደንብ የሚታወቅ ሬዞናንሶችን አስቀድሞ መለካት ነበር። ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት በየቀኑ ሁለት ሰዓት በዚህ ይሄድብኝ ነበር፤ ተማርሬአለሁ፣ ግን እዚህ ላይ አልተሳሳትኩም። ውጤቱ ያስቀይመኝ ስለነበር ስህተቱን እስካገኘው አልተኛሁም።

የተሳሳትኩት ደስ ባለኝ ቦታ ነው።

ሁለቱን መስመሮች የሚለያቸው 13.4 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው፤ ተራ የሲሊከን ዲቴክተር አንድ ላይ ጨፍልቆ ነው የሚያያቸው። ስለዚህ በክሪስታል ስፔክትሮሜትር እንለካለን። ክሪስታሉ በደንብ ይለያል፤ ግን ፎቶን ይበላል፤ አንድ ልኬት ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። ሌሊቱን ለማሳጠር የብረቱን ጋዝ ጨመር አደረግኩት። ፎቶኑ በዛ። ውድሩም ከካፔላ ካገኘሁት ጋር ገጠመ! ኮከብና ቤተ ሙከራ አንድ ቃል ሲናገሩ ምን ቀረ? የጥናቱን ረቂቅ መጻፍ ጀመርኩ፤ ርዕሱንም አሳመርኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሌሊት ተራዬን የያዘልኝ ጀማሪ ተማሪ ለፓምፑ አስቦ የጋዙን ቫልቭ ቀንሶት አደረ። ጠዋት መረጃውን ሳየው ውድሩ ከፍ ብሏል። «ሌሊቱን አቃጠልክብኝ» አልኩት፤ እንዲያውም ከዚህ በከፋ ቃል ነው የተናገርኩት። እሱ ግን፣ «ቫልቩን ብቻ ነው የነካሁት፤ ውድሩ በጋዝ መጠን መለወጥ አለበት እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለበትም። ጥያቄው ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ማታ ራሴ ገብቼ በአራት የጋዝ መጠን ለካሁ። ጋዙ ሲቀንስ ውድሩ ደረጃ በደረጃ ወጣ።

ምክንያቱ ከተረዱት በኋላ ቀላል ነው። ያልተገፈፈ ጋዝ ሲበዛ፣ 16 ኤሌክትሮን ያጣው አዮን ከአጠገቡ ካለ ሞለኪውል አንድ ኤሌክትሮን ይነጥቅና 15 ብቻ ያጣ ይሆናል። ይህኛው አዮን ደግሞ 3ዲ ላይ ሊያርፍ ምንም ያልቀረው የራሱ መስመር አለው። እኔ 3ዲ ብዬ የቆጠርኩት የሁለት አዮኖች ድምር ነበር። በአሜሪካ የሊቨርሞር ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ይህንኑ መደረብ እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትመውታል። ጽሑፉን አንብቤዋለሁ፤ ቅጂዬ ላይ ያንን አንቀጽ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበታለሁ። ለአማካሪዬ በጻፍኩት ወረቀት ላይም በራሴ እጅ ሁለተኛ ማብራሪያ ብዬ አስቀምጬዋለሁ። የልቤን ቁጥር ሳገኝ ግን ትዝ አላለኝም።

ብቻዬን እንዳልሆንኩ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ሥራ የኦክስጅን ሞለኪውልን የኤክስሬይ መስመሮች በተገፈፉ አዮኖች መለኪያነት እንደገና ለካ። ለዓመታት ሁሉም እንደ ሚዛን ሲጠቀምበት የኖረው ቁጥር 0.45 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ የተዛነፈ ሆኖ ተገኘ። ትንሽ ይመስላል፤ ወደ ፍጥነት ሲቀየር ግን በሰከንድ 250 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በከዋክብት መካከል ያለው ኦክስጅን ሊኖረው በማይገባ ፍጥነት የሚሮጥ ይመስል የነበረው ለዚህ ነው። ጋዙ አልሮጠም፤ ሚዛኑ ነው የተንሸራተተው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ሠንጠረዥ ላይ የተጻፈ ቁጥር ግን ሥሩን የሚጠይቀው የለም።

የ3ሲ እና የ3ዲም ታሪክ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በስታንፎርድ የኤክስሬይ ሌዘር የተለካው ውድር 2.61 ሆኖ ስሌቱን ክፉኛ ጥርጣሬ ላይ ጣለው። (ይህ በብርሃን የሚለካ ነው፤ እኔ በኤሌክትሮን ግጭት ከምለካው ጋር በቀጥታ አይወዳደርም።) በሀምቡርግ ፔትራ 3 በተባለው ሲንክሮትሮን (ኤሌክትሮኖችን በክብ መንገድ እያሽከረከረ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ማሽን ነው) በ2020 3.09 ተገኘ። በ2022 መሣሪያው ይበልጥ ተሻሽሎ፣ ጥራቱ ጨምሮ፣ በጀርባ ድምፅ፣ ማለትም ከመስመሮቹ ባልመጣ ትርፍ ምልክት፣ ውስጥ ተሰውረው የነበሩት የመስመሮቹ ክንፎች ሲታዩ ውድሩ 3.51 ሆነ፤ ከስሌቱም ጋር ታረቀ። በእነዚያ መካከለኛ ዓመታት ስሌቱን «ለማዳን» የተጻፉ ሐሳቦችን አሁን ሳነብ ያሳዝነኛልም፣ ያስቀኛልም።

ለአቶም እንዲህ መጨነቅ ምን ያደርጋል የሚሉኝ የቴሌስኮፕ ሰዎች አሉ። የሂቶሚን ነገር አነሳላቸዋለሁ። ይህች የኤክስሬይ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 መጥቃ በወሩ ጠፋች፤ ከመጥፋቷ በፊት ግን የፐርሲየስን የጋላክሲዎች ክምችት በ5 ኤሌክትሮን ቮልት ጥራት አየችው። ያው አንድ መረጃ በሁለት የታወቁ የአቶም ሞዴሎች ሲተነተን የብረቱ መጠን 16 በመቶ ተለያየ። ይህ የፎቶን ማነስ ከሚያመጣው ስህተት 17 እጥፍ ይበልጣል። ቴሌስኮፑ በደንብ አይቷል፤ እኛ ነን ያየውን ማንበብ ያቃተን።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ቀየርኩ። ያ ጀማሪ ተማሪ (ይቅርታ ጠይቄዋለሁ) ውድሩን ከማየቴ በፊት እሱ ብቻ በሚያውቀው ቁጥር ያባዛልኛል፤ ስለዚህ ውድሩ ደስ ይበለኝ ይከፋኝ አላውቅም። የትኛውን ፍተሻ እንደማደርግ አስቀድሜ በደብተር እጽፋለሁ፤ ጋዙን፣ ኩረንቱን፣ የጀርባ ድምፁን የምቆርጥበትን ቦታ ሁሉ ሆን ብዬ አዛንፋለሁ። አሰልቺ ነው። የመጀመሪያው ረቂቄ ለዘላለም ተቀበረ፤ ምርቃቴም አንድ ዓመት ዘገየ። እ.ኤ.አ. በ2023 የመጠቀችው የሂቶሚ ተተኪ ክሪዝም ደግሞ መስመር የሚለየው ዲቴክተሯ መዝጊያ ሳይከፈት ቀርቶ በእሱ ከ1.7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በታች ያለውን እምብዛም አታይም፤ የኔ መስመሮች ከዚያ በታች ናቸው። በቻንድራ የቆየ መረጃ ነው አሁንም የምሠራው።

የተሸሸገውን ቁጥር የገለጥነው ባለፈው ወር ነው። ተማሪው ቁጥሩን ተናገረ፤ አካፈልኩት። የስህተቱ ወሰን ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ ስሌቱንም ካፔላንም አንድ ላይ አቅፏል። አማካሪዬ ግራፉን ረጅም ጊዜ ተመለከቱና፣ «ወሰኑን በግማሽ ለመቀነስ ስንት ሌሊት ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ።

«እስካሁን ያደርኩትን አራት እጥፍ» አልኳቸው፤ ፓምፑን ላስነሳም ወረድኩ።