በማሞቂያው ሆድ ውስጥ ያለው አቧራ

ጀርመን ከመጣሁ ወዲህ ደብረ ብርሃን ካሉ ወዳጆቼ ደጋግሞ ከሚቀርብልኝ ጥያቄ አንዱ «እዚያ ሀገር ደግሞ ምን አቧራ አለና ነው ሰው ለጽዳት የሚቀጠረው?» የሚል ነው። ጥያቄው በቅንነት የሚጠየቅ መሆኑን አውቃለሁ። መንገዱ አስፋልት፣ መስኮቱ ድርብ መስታወት፣ ግቢው ሣር በሆነበት ሀገር አቧራ ከየት ይመጣል ብሎ ማሰብ የሚያስወቅስ አይደለም። ሰሞኑን ግን ይኸው ጥያቄ ወደዚህ ለመምጣት ዝግጅት ከጀመረች የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ሲመጣ፣ በስልክ በሁለት ቃል መልሼ ማለፍ አልሆነልኝም። በዚህ ሀገር ክብሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነካው በአቧራ ምክንያት ነውና፤ አቧራውም የነበረው ማንም በማያየው ቦታ፣ በቤት ማሞቂያ ሆድ ውስጥ ነው።

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ከተማ ናት፤ ብርዷን ለቀመሰ ሰው መንገር አያስፈልግም። እንዲያም ሆኖ ብርዱን የምንከላከለው በጋቢ፣ በከተማችን ፋብሪካ ብርድ ልብስና በከሰል ምድጃ ነው። እዚህ ግን ከየመስኮቱ ሥር ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ሙቅ ውኃ የሚዘዋወርበት ራዲያተር ተሰቅሏል። ፊቱ ለስላሳ ስለሆነ በጨርቅ አንድ ጊዜ ሲወለወል የጸዳ ይመስላል። በብዙ ቤቶች የሚገኘው፣ ባለሙያዎች ዓይነት 22 የሚሉት ማሞቂያ ግን ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ትይዩ የቆሙበት፣ በመካከላቸውም ወዲያና ወዲህ የታጠፈ ስስ ቆርቆሮ በሁለት ረድፍ የተበየደበት ነው፤ ዓይነት 33 የሚባለው ደግሞ ሦስት ብረትና ሦስት ረድፍ ቆርቆሮ አለው። ቀዝቃዛው አየር ከወለሉ በኩል ይገባል፣ በቆርቆሮው መካከል ሲሞቅ ይቀላል፣ ከላይ ባለው ወንፊት መሰል ክዳን በኩልም ይወጣል። ይህ እኔ ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀስት እየሣልኩ ያስተማርኩት ኮንቬክሽን ነው። የምንጣፍ ብናኝ፣ የልብስ ቃጫ፣ ፀጉርና የቆዳ ርጋፊ ከአየሩ ጋር ይነሣና በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ይያዛል። ማሞቂያው እዚህ ሙቀት በሚሆንባቸው ወራት ተዘግቶ ሲከርም ደግሞ ከላይ የሚወርደው አቧራ በወንፊቱ እየገባ ይደረብበታል። በጥቅምት ወር ማሞቂያው ሲከፈት ቤቱን የሚሞላው የመቃጠል ሽታ የዚህ አቧራ ሽታ ነው፤ ከማሞቂያው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ቀስ በቀስ የሚሳበው ጥቁረትም የዚሁ አቧራ ነው።

እኔ የፊዚክስ መምህርት ነበርኩ። በዚህ ሀገር በመደበኛ ትምህርት ቤት ለማስተማር ግን በአብዛኛው በሁለት የትምህርት ዓይነቶች መመረቅን ይጠይቃሉ፤ ቋንቋውንም በከፍተኛ ደረጃ ማወቅ ግድ ነው። በአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ የተመረቀ ሰው ማስረጃው እስኪታይና የጎደለው እስኪሟላ ድረስ መብላት ስላለበት፣ እንደ ብዙዎቹ እህቶቼ በሰው ቤት ጽዳት ገባሁ። ከገባሁባቸው ቤቶች አንዱ በዕድሜ የገፉ ወይዘሮ ቤት ነበር። የሥራውን ዝርዝር በእጃቸው ጽፈው ወጥ ቤቱ በር ላይ ለጥፈውታል፤ ወለሉ፣ የመስኮቱ ደፍ፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያው ሁሉ በተራ ተጽፏል። ስለ ማሞቂያ የሚናገር አንድም መስመር አልነበረበትም።

አንድ ቀን ሥራዬን ጨርሼ ካፖርቴን ስለብስ የእጅ ባትሪ ይዘው መጡ። ለቡናና ለኬክ የተጠሩ እንግዶች ሳሎን ተቀምጠዋል። ወይዘሮዋ ማሞቂያው አጠገብ እንድንበረከክና ከሥር ወደ ላይ እንድመለከት አዘዙኝ፤ እሳቸው ባትሪውን ከላይ በወንፊቱ በኩል አበሩት። ብርሃኑ ወደ እኔ አልደረሰም፤ መንገዱ ሁሉ ተደፍኗል። ከዚያም የሹራብ መሥሪያ ኪሮሻቸውን በቀዳዳው አስገብተው፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ የተያያዘ ግራጫ አቧራ ጎትተው አወጡና በነጭ የወረቀት መሐረብ ላይ አድርገው ለእንግዶቻቸው አሳዩ። «ከየት እንደ መጣሽ ያስታውቃል» አሉኝ። ከዕለቱ ክፍያዬም ቀንሰው ሰጡኝ።

ገንዘቡን ረስቼዋለሁ፤ ንግግሩን ግን አልረሳሁትም። ያ አቧራ በእኔ ጊዜ የተጠራቀመ አልነበረም። ተደራርቦ የጠነከረ፣ ከእኔ በፊት በነበሩ ብዙ ክረምቶች የተጋገረ አቧራ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ የቤቱ ባለቤት ደግሞ እሳቸው ነበሩ። ያደግሁበት ቤት እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ግድግዳው ሳይቀር የሚታጠብበት፣ እናቴ ጎህ ሲቀድ ደጁን ውኃ አርከፍክፋ የምትጠርግበት ቤት ነው። በእኛ ሀገር አቧራ በበር ይገባል፣ በዓይን ይታያል፣ በመጥረጊያ ይወጣል፤ እንግዳም ቢመጣ የመንገድ አቧራ መሆኑን ያውቃል እንጂ በባለቤቷ ጠባይ አይተረጉመውም። በማሞቂያ ሆድ ውስጥ በባትሪ የሚፈለግ አቧራ ግን የሰው መመዘኛ ሆነብኝ፤ ያንኑ ጊዜ ውሻቸው ፀጉሩን እያራገፈ በሳሎኑ ሶፋ ላይ ተኝቶ ነበር።

ሥራውን በሚገባ ያሳዩኝ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የሠሩ አንዲት ኤርትራዊት እናት ናቸው። «ልጄ፣ ብረቱ ሳይበርድ እንዳትነኪው፤ አቧራው ሳይወጣም ውኃ እንዳታሳዪው» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ደረቁ አቧራ ውኃ ወይም እንፋሎት ሲነካው ጭቃ ሆኖ ከቆርቆሮው ጋር ይጣበቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው የለም። መጀመሪያ ከሥሩ እርጥብ አሮጌ አንሶላ ይነጠፋል፣ ከኋላው በብረቱና በግድግዳው መካከልም እርጥብ ፎጣ ይወርዳል። የጎን ክዳኖቹ ወደ ላይ ሳብ ሲደረጉ ይወጣሉ፣ ቀጥሎም ወንፊቱ ይነሣል፤ ወንፊቱ የማይነሣ ከሆነ በቀዳዳዎቹ በኩል መሥራት ግድ ነው። ከዚያ ረጅምና ቀጭን የማሞቂያ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች በየመታጠፊያው አንድ በአንድ ይገባል። የተላቀቀውን አቧራ በፀጉር ማድረቂያ ቀዝቃዛ ንፋስ ከላይ ሲነፉት እርጥቡ አንሶላ ላይ ይወርድና እዚያው ይያዛል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ከኋላ ያለው የግድግዳ ክፍተት ነው፤ እጅ አይገባበትም፣ የቫኪዩሙ አፍም ይወፍርበታል። ኤርትራዊቷ እናት ቀጭን ዘንግ ላይ አሮጌ የናይሎን ስቶኪንግ ጠቅልለው ያስገቡበት ነበር፤ ናይሎን ሲፈተግ የሚይዘው ኤሌክትሪክ አቧራውን እንደሚስበው እኔ በመጽሐፍ፣ እሳቸው ደግሞ በእጃቸው ያወቁት ነገር ነው። በአሮጌ ሕንፃዎች የሚገኙት ባለ ዐምድ ከባድ ማሞቂያዎች የተሻሉ ናቸው፤ ክፍተታቸው ሰፊ ስለሆነ ብሩሽ ከወዲያ ወዲህ ያልፍባቸዋል። በማንኛውም ማሞቂያ ፊት ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ የፍጆታ መለኪያ ግን አትንኩ። በጋራ ሕንፃዎች ከማሞቂያው ሂሳብ ቢያንስ 50፣ ቢበዛ 70 በመቶው በፍጆታ እንዲከፋፈል ሕጉ ስለሚያዝ፣ ማኅተሟ ተነክቶ ከተገኘ ጣጣው የእናንተ ነው።

የራሳችንን ቤትም ልናገር። ሐበሻ የሚኖርበት ቤት ማሞቂያ አቧራ ከሌላው ይልቅ ይጣበቃል። ቡናው ሲቆላ፣ ዕጣኑ ሲጤስ፣ የሽንኩርቱ ቁሌት ሰዓታት ሲፈጅ የሚነሣው ቅባታማ ጢስ በቆርቆሮው ላይ ያርፍና አቧራውን ያጣብቀዋል። በዚህ ላይ ትልቁን ሶፋ ማሞቂያው ላይ አስጠግተን፣ ነጠላና የልጆች ልብስ አስጥተንበት፣ ቤቱ አልሞቅ ሲለን የመቆጣጠሪያውን ቁጥር ከ3 ወደ 5 እናዞረዋለን። 3 ላይ ክፍሉ ወደ 20 ዲግሪ፣ 5 ላይ ወደ 28 ዲግሪ እንዲሞቅ የተሠራ መሣሪያ ነው፤ አየሩ መግቢያና መውጫ ካጣ ግን ቁጥሩን ማዞር ሂሳቡን እንጂ ቤቱን ብዙም አያሞቀውም። ቤቱን በምንለቅበት ቀን ደግሞ አከራዩ ከፊታችን ቆሞ ማሞቂያውን ሊያይ ይችላል። በመያዣነት የሚወሰደው ገንዘብ ማሞቂያንና ሌሎች ወጪዎችን ሳይጨምር እስከ ሦስት ወር ኪራይ ሊደርስ ስለሚችል፣ በዚያ ቀን የሚነሣ ክርክር ቀላል አይደለም። ቡናውንና ዕጣኑን ተዉ አልልም፤ እኔም አልተውኩም። መስኮቱን ከፍታችሁ አጢሱ፣ ሶፋውንም ከማሞቂያው ራቅ አድርጉ።

ለመምጣት የምትዘጋጁ ሁሉ፣ በተለይ እንደ እኔ ከመምህርነት ወይም ከቢሮ ሥራ የምትነሡ፣ የጽዳት ሥራን ከአሁኑ አትናቁት። ዕውቀት የሚጠይቅ፣ ወገብና ጉልበት የሚፈትን ሥራ ነው፤ በትክክል የሠራ ሰው የሚያፍርበት ምክንያት የለም። የትምህርት ማስረጃችሁን ከነዝርዝር ውጤቱ አስተርጉማችሁና አረጋግጣችሁ ያዙ፤ ቋንቋውንም እዚያው ጀምሩት። በሰው ቤት ስትቀጠሩ ቀጣሪው እንዲያስመዘግባችሁ ጠይቁ፣ ግዴታው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በሰዓት 8.50 ዩሮ ሆኖ የተጀመረው፣ በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ በ2025 12.82 ዩሮ ደርሶ ነበር፤ በግል ቤት ለሚሠራም ይሠራል። በወቅቱ ከሚሠራበት ዝቅተኛ ክፍያ በታች «ለጊዜው» የሚላችሁን አትቀበሉ።

ቤቱን መጀመሪያ ስታዩ የእጅ ባትሪውን እናንተ ያዙ። ባለቤቶቹ ባሉበት በየማሞቂያው ወንፊት ላይ አብሩና ውስጡን አሳዩአቸው፤ ለዓመታት ያልተከፈተ ማሞቂያ እንደ ተራ ውልወላ እንደማይቆጠርና የራሱ ሰዓት እንደሚያስፈልገው ያኔውኑ ተናገሩ፤ ሰዓቱንም በሥራው ዝርዝር ላይ አስጽፉ። የሚሻለው ጊዜ ማሞቂያው ገና ሳይከፈትና ብረቱ ቀዝቃዛ እያለ፣ በመስከረም ወር ነው።