ጠላቴ በሳቅ የሞተ ዕለት

ኢያይዶ የሚባለው የጃፓኖች የሰይፍ ጥበብ ተጋጣሚ የለውም። ተማሪው ጠላት ፊት ለፊቱ እንደተቀመጠ በዓይነ ሕሊናው ይስልና፣ ያ ጠላት እጁን ወደ ሰይፉ ሲሰድ ቀድሞት ከአፎቱ ይመዛል፣ ይሰነዝራል፣ ደሙን ከስለቱ ያራግፋል፣ ሰይፉንም መልሶ ይከታል። ለትምህርት ኪዮቶ በነበርኩበት ጊዜ ጥበቡን ለመማር የተመዘገብኩትም፣ መልሶ የማይማታ ባላንጣ ከዚህ ሌላ የት ይገኛል ብዬ ነበር።

ለጀማሪ የሚሰጠው ሰይፍ ኢያይቶ ይባላል። መልኩ ካታና ከሚባለው እውነተኛ የሳሙራይ ሰይፍ ባይለይም ከአሉሚኒየምና ከዚንክ ቅይጥ ስለሚሠራ ቢስሉትም አይሳልም። እውነተኛው የብረት ካታና ግን የየክፍለ ግዛቱ ትምህርት ቦርድ የሚሰጠው የምዝገባ ወረቀት ከሌለው በቤት ማኖር እንኳ በሕግ ያስጠይቃል። እናቴ በስልክ «ሰይፍ ታጥቀህ ትዞራለህ አሉ» ብላ በተጨነቀች ጊዜ ሽንኩርት እንኳ የማይቆርጥ መሆኑን ነግሬ አረጋጋኋት። ያልነገርኳት የአቀማመጡን ነገር ነው።

ሴይዛ ማለት ተንበርክኮ፣ የእግርን ጀርባ ከወለሉ አጣብቆ፣ በተረከዝ ላይ መቀመጥ ነው። ሰማንያ ዓመት የተጠጉት መምህራችን በዚህ ሁኔታ ሲቀመጡ ሶፋ ላይ ያሉ ይመስላሉ። በዚያን ዕለት ደግሞ ሥራ ከመጀመራችን በፊት የጥበቡን ታሪክ ሊያጫውቱን ፈለጉ፤ እኛም በተንበረከክንበት እናዳምጥ ጀመር። የጥበቡ አባት የሚባለው ሃያሺዛኪ ጂንሱኬ፣ ዛሬ ያማጋታ በሚባለው ግዛት፣ የአባቱን ደም ለመመለስ በቤተ መቅደስ ሲጸልይ ሰይፍ የመምዘዝ ምስጢር እንደተገለጠለት የሚናገረውን አፈ ታሪክ ሲተርኩልን፣ ገና 16ኛው መቶ ዓመት ላይ ሳለን፣ የእግሬ ጣቶች ደነዘዙ። በ1588 የጃፓን ገዥ የነበረው ሂዴዮሺ የገበሬውን ሰይፍ እያሰሰ ሲሰበስብ ድንዛዜው ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ነበር። የሜጂ መንግሥት በ1876 ሰይፍ ታጥቆ መሄድን ሲከለክል ከጉልበቴ በታች የእኔ የምለው አካል አልነበረኝም። (አዋጁ በጉልበቴ ዘመን ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ከሳሙራዮቹ ሁሉ ቀድሜ እፈርምለት ነበር።)

ከዚያም «ማኤ» እንድንሠራ ታዘዝን። ማኤ የመጀመሪያው ካታ፣ ማለትም ቅደም ተከተሉ የተወሰነ የእንቅስቃሴ ልምምድ፣ ሲሆን ጠላት ፊት ለፊት የተቀመጠበት ነው። እንደ ሥርዓቱ በግራ አውራ ጣቴ የሰይፉን የእጅ መከላከያ ገፋ አድርጌ ከአፎቱ አላቀቅሁት፤ በጉልበቴ ከፍ ብዬ፣ ቀኝ እግሬን አስቀድሜ፣ የጠላቴን ጆሮ ግንድ በአግድም ሰነዘርኩት። ሰይፉን ከአናቴ በላይ አንሥቼም ቁልቁል አወረድኩበት። እስከዚህ ድረስ ሰውዬው ያለቀለት ነበር፤ የቀረኝ ብድግ ብሎ ደሙን ማራገፍ ብቻ ነው።

ብድግ ማለቱ ላይ ነገር ተበላሸ። ሃካማ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሰፊና ሽንሽን ሱሪ ነው፤ ቀኝ እግሬም ጠርዙን ረግጦት ኖሯል። የሚሰማው እግር ቢሆን ጨርቁን ባወቀው ነበር፤ የእኔ ግን ምን እንደረገጠ ይቅርና መርገጡንም አያውቅም። እኔ ወደ ላይ ስነሣ ሃካማዬ በወገቤ ይዞ ወደ ታች ጎተተኝና፣ አሁን ለገደልኩት ጠላት ግንባሬ ወለል ሊነካ እስኪደርስ እጅ ነሥቼ፣ ከዚያው በመቀመጫዬ ዘጭ አልኩ። ሰይፉ ከእጄ አልወደቀም፤ ክንዴን ዘርግቼ እንደ ጧፍ ይዤዋለሁ።

ጃፓኖች ጨዋ ሕዝብ ናቸው፤ ማንም አልሳቀም። በአዳራሹ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ የጣሪያውን አሠራር መመርመር ጀመሩ፤ ከልጆቹ አንዱ ብቻ ስቅታ የሚመስል ድምፅ አሰማ። መምህራችን ቀስ ብለው መጡና ፊታቸው ሳይፈታ፣ «ጠላትህ በሳቅ ሞቷል። ሰይፍህን ክተት» አሉኝ።

የተጀመረ ካታ ሳይፈጸም አይተውምና እዚያው በወደቅሁበት መክተት ነበረብኝ። ይህ ደግሞ ከሁሉ የረቀቀው ክፍል ነው፤ የሰይፉ ጀርባ የአፎቱን አፍ በያዘው በግራ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መካከል እየተንሸራተተ ይወጣና ጫፉ ወደ አፎቱ ሲገባ በዝግታ ይመለሳል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ዓይን አፎቱን ሳይሆን የወደቀውን ጠላት መጠበቅ አለበት። ደሙ ወደ እግሬ የተመለሰው በዚሁ ቅጽበት ነበር። ጉንዳን የወረረው ሰው እያራገፈ ይሮጣል፤ እኔ ግን ፊቴን አኮሳትሬ በየጣት ስፋት እከታለሁ።

በዕረፍት ጊዜ አጠገቤ የሚለማመዱ አንዲት አዛውንት፣ የእግር አውራ ጣቶችን አነባብሮ ተራ በተራ መቀያየር እንደሚረዳ በሹክሹክታ መከሩኝ። እኔ ግን የከነከነኝ ሌላ ነበርና መምህራችንን ደፍሬ ጠየቅኋቸው፤ የድሮ ሳሙራይ ሰው ቤት ሲገባ ረጅሙን ሰይፍ ከወገቡ አውጥቶ የሚቀመጥ ከሆነ፣ እኛ ታጥቀነው የምንንበረከከው ለምንድን ነው?

«ስለሚከብድ ነው» አሉና ሻያቸውን ጠጡ።

በመላ ጃፓን ኬንዶ ፌዴሬሽን ከተደነገጉት 12 ካታዎች ስምንቱ ቆመው የሚሠሩ ናቸው፤ ሴይዛ የሚጠይቁት ሦስቱ ግን አንድ ላይ መጀመሪያ ላይ ተደርድረዋል። ቀጥሎ የሚጠብቀኝ «ኡሺሮ» ነው። ጠላት ከኋላ ይቀመጣል፤ ተማሪው በጉልበቱ ላይ ዞሮ ይመዛል፤ ሃካማውም አብሮ ይዞራል። በማግስቱ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ አሳጠርኩት።