ጽሑፉ ሲደበዝዝ ጥፋቱ የግራፊክስ ካርዱ ነው?

የዴስክቶፕ ጽሑፍ ሲደበዝዝ ብዙ ሰው ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) መቀያየር ይጀምራል። ከዚያ በፊት ስክሪንሹት አንሱና በሌላ መሣሪያ ላይ በሙሉ መጠኑ እዩት። እዚያም ደብዛዛ ከሆነ ችግሩ ዊንዶውስ ወይም ፕሮግራሙ ውስጥ ነው። ጥርት ብሎ ከታየ ግን ጥፋቱ ከካርዱ መውጫ እስከ ሞኒተሩ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ሬዞሉሽኑ (የምስሉ የፒክስል ብዛት) የሞኒተሩ የራሱ ይሁን፤ 1920 በ1080 ለሆነ ስክሪን 1600 በ900 ከተላከ ፊደል መደብዘዙ አይቀርም።

ብዙዎች የሚያልፉት የቀለም ፎርማቱን ነው። ካርዱ በኤችዲኤምአይ የተገናኘውን ስክሪን እንደ ቴሌቪዥን ከቆጠረው በአርጂቢ (እያንዳንዱ ፒክስል የራሱን ሙሉ ቀለም በሚይዝበት ፎርማት) ፈንታ የቀለም መረጃን የሚቀንሱትን 4:2:2 ወይም 4:2:0 ሊልክ ይችላል። በ4:2:0 አራት ፒክስሎች አንድ የቀለም መረጃ ይጋራሉ። ፊልም ላይ አይታወቅም፤ ቀጭን ፊደል ግን ይበላሻል። በሰማያዊ መደብ ላይ ቀይ ጽሑፍ ጻፉ፦ ጥቁር በነጭ ደህና ሆኖ ይሄኛው ከተጨማለቀ ምክንያቱን አገኛችሁት ማለት ነው። በኤንቪዲያ መቆጣጠሪያ ፓነል፣ ሬዞሉሽን በሚቀየርበት ገጽ፣ የቀለም ፎርማቱን አርጂቢ፣ ሬንጁን (ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን ስፋት) ፉል አድርጉ።

አርጂቢ ከምርጫው ከጠፋ ኬብሉንና መሰኪያውን ጠርጥሩ። የኤችዲኤምአይ 1.4 መሰኪያ የ4ኬ (3840 በ2160) ምስልን በ60 ኸርዝ (በሴኮንድ 60 ጊዜ እየታደሰ) በሙሉ አርጂቢ አይሸከምም። ወደ 30 ኸርዝ ማውረድ ይሠራል፤ የማውሱ መጎተት ግን ያናድዳል። ዲስፕሌይፖርት ወይም ኤችዲኤምአይ 2.0 ይሻላል።

ስክሪኑ ቴሌቪዥን ከሆነ ኦቨርስካንን (ምስሉን አስፍቶ ጠርዙን የሚቆርጠውን ቅንብር) አጥፉ፣ የግቤቱን ስም ፒሲ በሉት፣ ሻርፕነሱንም ቀንሱ (የበዛ ሻርፕነስ በፊደል ዙሪያ ነጭ ጥላ ይተዋል)።

የደበዘዘው አንድ ፕሮግራም ብቻ ከሆነ ካርዱን ተዉት፤ በፕሮግራሙ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ ሥር፣ የዲፒአይ ስኬሊንጉን (የጽሑፍና የምስል መጠን ማስተካከሉን) ለአፕሊኬሽኑ ስጡት።